ዶክተር ፍሬድሪክ ባንቲንግ

በምሥራቅ ሱዳን የምትገኘው የገዳሪፍ ከተማ በሰፊ የጥቁር አፈር ሜዳ የተከበበች ናት። ሜዳው ወደ ደቡብ ምሥራቅ እየተንጣለለ እስከ ገላባት ይዘልቃል፤ ከገላባት ድልድዩን ሲሻገሩ መተማ ይገኛል። በዚህ ሜዳ ላይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሰሊጥና ማሽላ ይታጨዳል። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ አዝመራ ነው፤ ቅርፊቱ ደርቆ ከተሰነጠቀ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና አጫጁ ጎንበስ እንዳለ ከማለዳ እስከ ማታ ይሠራል። ስለዚህም በመከር ወራት ከጎንደርና ከሌላውም የደጋ አገር ብዙ ሰው ማጭዱን ይዞ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ከዚያም አልፎ ድንበሩን ሲሻገር ብዙ ዘመን ኖሯል።

እንበልና ከነዚህ አጫጆች አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ነው። እንደ ልማዱ በማለዳ ኢንሱሊኑን ተወግቶ፣ ሥራው እንዳያልፈው ቸኩሎ ቁርሱን በወጉ ሳይበላ ማሳ ይገባል። ረፋዱ ላይ ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ በኃይል ይመታል፤ ድንገተኛ ረኃብም ይሞረሙረዋል። ቀጥሎ ንግግሩ ይተሳሰራል፤ ያለ ምክንያት ይቆጣል፤ የባልንጀራውን ስም ይስታል። ባልንጀሮቹም ይህን ሲያዩ አንዱ ፀሐይ መታው፣ ሌላው ወባ ተነሣበት፣ ሦስተኛው ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ነው ይላል፤ ቡዳ በላው የሚልም አይጠፋም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ወርዷል። አንጎል እንደ ጡንቻ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው በቂ ስንቅ የለውም፤ የሚኖረው ደም በየደቂቃው በሚያመጣለት ስኳር ነው። ስኳሩ ሲያንስ መጀመሪያ ጠባይ፣ ቀጥሎ አእምሮ፣ በመጨረሻም ሕይወት ይናወጣል። በዚያች ሰዓት ስኳር የበዛበት አንድ ብርጭቆ ሻይ ቢጠጣ በሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ ልቡ ይመለሳል። ሳያገኝ ቢቀር ግን ይወድቃል፤ ይንዘፈዘፋል፤ ሊሞትም ይችላል።

እንግዲህ ይህን ሰው ዓመታት ያኖረውና በዚያ ረፋድ ሊገድለው የደረሰው መድኃኒት አንድ ነው። መድኃኒቱ እንዴት እንደ ተገኘና አደጋው እንዴት እንደ ታወቀ ለመረዳት የካናዳዊውን ሐኪም የፍሬድሪክ ባንቲንግን ሕይወት መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጼ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ላይ በወደቁበት በ1889 ዓመት፣ በስትራስቡርግ ከተማ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥተው ውሻው ወዲያው የስኳር በሽታ እንደ ያዘው አዩ። ከዚያ በፊት የበሽታው ምንጭ በእርግጥ አይታወቅም ነበር። በቆሽት ውስጥ ስኳርን የሚገዛ አንድ ኃይል እንዳለ ከታወቀ በኋላ ብዙ ሊቃውንት ያን ኃይል አውጥተው በመርፌ ለመስጠት ሞከሩ፤ ሆኖም ለሠላሳ ዓመት ያህል ለፍሬ የበቃ አልተገኘም። በዚያን ዘመን በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ከአንድና ከሁለት ዓመት በላይ እምብዛም አይኖርም ነበር። ሐኪሞች ያላቸው ብቸኛ ዘዴ ምግብ መከልከል ብቻ ነበር። ልጁ በረኃብ እየመነመነ ጥቂት ወራት ይጨመሩለታል፤ ይኸውም ሞትን ማዘግየት እንጂ ማዳን አልነበረም።

ፍሬድሪክ ባንቲንግ ሚንኮቭስኪ ያንን ካየ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1891 በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ አሊስተን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር፤ እርሱም ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። በትምህርቱ የላቀ ተማሪ ነበር ሊባል አይችልም። ቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት ፈተና ወደቀ። ቢሆንም ተስፋ ሳይቆርጥ በ1912 ወደ ሕክምና ትምህርት ተዛወረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ለመዝመት ቢጠይቅ በዓይኑ ደካማነት ተመለሰ፤ በኋላ ግን ሐኪም ይፈለግ ስለ ነበር ትምህርቱ በችኮላ አልቆለት በ1916 መጨረሻ ተመረቀና ዘመተ። በ1918 በፈረንሳይ አገር በካምብሬ አካባቢ የመድፍ ፍንጣሪ ቀኝ ክንዱን መታው። የራሱን ቁስል ከምንም ሳይቆጥር ለብዙ ሰዓት ሌሎች ቁስለኞችን ሲያክም ዋለ። ስለዚህም ጀግንነቱ የጦር ሜዳ መስቀል ተሸለመ።

ከጦርነቱ ሲመለስ ግን ጀግናውን የሚፈልገው በሽተኛ አልነበረም። በ1920 ለንደን በምትባለው የኦንታሪዮ ከተማ የራሱን ሕክምና ቤት ከፈተ፤ በመጀመሪያው ወር ያገኘው ገቢ አራት ዶላር ብቻ ነበር። ኑሮውን ለመደጎም በአካባቢው ዩኒቨርስቲ ማስተማር ጀመረ። በኦክቶበር 1920 መጨረሻ ለማግስቱ ትምህርት ሲዘጋጅ ስለ ቆሽት የተጻፈ አንድ ጥናት አነበበ። እንቅልፍ እምቢ አለው። ሌሊቱን ተነሥቶ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጥቂት መስመር ጻፈ። ሐሳቡም የምግብ መፍጫውን ፈሳሽ የሚያወጣው የቆሽት ቧንቧ ቢታሰር ያን ፈሳሽ የሚሠራው ክፍል ይሟሽሻል፣ ስኳርን የሚገዛው ክፍል ግን ሳይበላሽ ስለሚቀር ንጹሕ ኃይሉን ማውጣት ይቻላል የሚል ነበር። የበሽታውን ስም እንኳ በትክክል አልጻፈም። በኋላ እንደ ታየው ቧንቧውን ማሰር ጨርሶ አስፈላጊ አልነበረም፤ ከቄራ የመጣ የበሬ ቆሽት በአልኮል ታጥቦ ያንኑ ኃይል ይሰጣል። ስለዚህ በሩን የከፈተለት ሐሳቡ ትክክል መሆኑ ሳይሆን ሐሳቡን ይዞ አልለቅም ማለቱ ነው ቢባል የባንቲንግን ክብር መቀነስ አይሆንም።

የቶሮንቶው ፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ስለ ስኳርና ስለ ሰውነት ጠለቅ ያለ እውቀት የነበራቸው ሰው ናቸው። ይህ ልምድ የሌለው ወጣት ሐሳቡን ሲያቀርብላቸው እምብዛም ደስ አልተሰኙም፤ ዞሮ ዞሮ ግን አንድ ክፍል፣ ጥቂት ውሾችና አንድ ረዳት ፈቀዱለት። ረዳቱ ቻርልስ ቤስት የተባለ የ22 ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከጓደኛው ጋር ሳንቲም ጥለው ዕጣው ስለ ደረሰው ነው ከባንቲንግ ጋር መሥራት የጀመረው። ሥራው በሜይ ወር 1921 ተጀመረ። በጋው ሞቃት፣ ክፍሉ ጠባብ፣ ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ብዙ ውሾች ሞቱ። በጁላይ መጨረሻ ግን ቆሽቱ ለወጣበት አንድ ውሻ ያወጡትን ጭማቂ ቢወጉት በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወረደ። በዚያው ዓመት በሩማንያ ኒኮላይ ፓውሌስኩ የተባለ ሊቅ ተመሳሳይ ውጤት ማሳተሙን እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው፤ ዕድል ከርሱ ጋር አልሆነችም።

በዲሴምበር ጄምስ ኮሊፕ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ተጨመረ። ጃኑዋሪ 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ሆስፒታል ተኝቶ ለነበረው ለ14 ዓመቱ ለሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያው መርፌ ተሰጠ። ልጁ 30 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝን ነበር። ጭማቂው ንጹሕ ስላልነበረ የተወጋበት ቦታ አበጠ፤ ጥቅሙም ትንሽ ሆነ። ኮሊፕ ሌት ተቀን ሠርቶ ጭማቂውን አጠራው። ከ12 ቀን በኋላ ዳግመኛ ሲወጋ በአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 520 ሚሊ ግራም የነበረው ስኳር በአንድ ቀን ወደ 120 ወረደ። ልጁ ከአልጋው ተነሣ። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው ነው። ኮሊፕ የሚያጠራው ጭማቂ ኃይል ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ጤነኛ ጥንቸሎችን ይወጋ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ጥንቸሎቹ መጀመሪያ ይርባቸዋል፤ ቀጥለው ይደነብራሉ፤ ከዚያም ወድቀው ይንዘፈዘፋሉ። የማያስተውል ሰው ቢሆን ጭማቂው መርዝ አለበት ብሎ በጣለው ነበር። እንዲህ ያደረገም ነበር። ጌኦርግ ዙልሰር የተባለ የበርሊን ሐኪም ከጦርነቱ በፊት ከቆሽት ባወጣው ጭማቂ ውሾች ሲንዘፈዘፉ አይቶ መርዛማ መስሎት ነበር፤ ጦርነቱም መጣና ሥራው ተቋረጠ። ውሾቹን የጣላቸው የስኳር ማነስ ሳይሆን እንዳልቀረ ዛሬ ይታመናል። በቶሮንቶ ግን የጥንቸሎቹ ደም ተመረመረ፤ ስኳሩ እጅግ ወርዶ ተገኘ። ለምትንዘፈዘፈው ጥንቸል የስኳር ውሃ በመርፌ ሲሰጣት ምንም እንዳልነካት ሁሉ ብድግ ብላ መዝለል ጀመረች። መድኃኒቱና ማርከሻው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገኙ ማለት ነው።

ከዚህም የተነሣ የመድኃኒቱ መለኪያ ራሱ ከዚህ አደጋ ተወለደ። ኢንሱሊን የሚለካበት ዩኒት መጀመሪያ የተተመነው አንድን የተራበ ጥንቸል እስከ መንዘፍዘፍ የሚያደርሰው መጠን ምን ያህል ነው በሚል ነበር። በኋላ ይኸው ልክ በዝቶ ስለ ተገኘ ተከፋፍሎ ቀነሰ። ዛሬ ማንም ሕመምተኛ በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር ሲያነብ የነዚያን ጥንቸሎች መውደቅ እያነበበ ነው።

በሰው ላይም ያው ታየ። ጆ ጊልክሪስት የተባለ የባንቲንግ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሐኪምም ሕመምተኛም ነበር። በ1922 ከእያንዳንዱ አዲስ ቅምም አስቀድሞ በራሱ ላይ ይሞክር ስለ ነበር ራሱን ሰው የሆነ ጥንቸል እያለ ይቀልድ ነበር። ዶክተሮቹም በሽተኛው ረኃብ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሲሰማው ወዲያው ጣፋጭ ነገር እንዲወስድ ያስተምሩ ጀመር፤ መርፌውን የያዘ ሰው ከረሜላም በኪሱ መያዝ አለበት ተባለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ የነበረችው ኤልሳቤጥ ሂውዝ በኦገስት 1922 ወደ ባንቲንግ ስትመጣ የ14 ዓመት ልጅ ሆና ክብደቷ 20 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። ኢንሱሊን መወጋትንም፣ የስኳር ማነስ ምልክትን ማወቅንም ባንድነት ተማረች። እስከ 1981 ኖረች፤ በዚህ ዘመን ሁሉ የተወጋችው ከ40,000 ጊዜ በላይ ነው።

ባንቲንግና ባልደረቦቹ በመድኃኒቱ ለመክበር አልፈለጉም። የባለቤትነቱን መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ በአንድ አንድ ዶላር ለቀቁ። በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ተሰጠ። ባንቲንግ ቤስት በመታለፉ ተቆጥቶ ከድርሻው ግማሹን ለርሱ አካፈለ፤ ማክላውድም ለኮሊፕ እንዲሁ አደረጉ። በአራቱ መካከል ጠብና መኮራረፍ እንደ ነበረ መደበቅ አይገባም፤ ባንቲንግ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነበር፤ የማክላውድን ዋጋ በሚገባ አልመዘነም። ያኔ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር። በሕክምና ዘርፍ እስከ ዛሬ ከርሱ በዕድሜ ያነሰ ተሸላሚ የለም።

መድኃኒቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ተሠራጨ። ማወቅ ግን እንደ መድኃኒቱ ፈጥኖ አልተሠራጨም። በገዳሪፍና በመተማ በኩል ነገሩ ምን እንደሚመስል ስንመለከት ይህ ግልጽ ይሆናል። ኢንሱሊን ሳይከፈት በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለው ደግሞ ከ30 ዲግሪ ሳያልፍ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በገዳሪፍ ሜዳ ግን በማርችና በሜይ መካከል ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ኤሌክትሪክም በሁሉ ቦታ የለም። ሱዳኖች ዚር በሚሉት፣ ውሃውን እያላበ በሚያቀዘቅዝ የሸክላ ጋን አጠገብ ወይም በእርጥብ ሸክላ ውስጥ ብልቃጡን ማኖር ከሐሩሩ ይከላከልለታል። በሙቀት የተበላሸ ኢንሱሊን ኃይሉ ይቀንሳል። ሕመምተኛው ስኳሩ አልወርድ ሲለው መጠኑን ይጨምራል። ኋላ ከከተማ አዲስ ብልቃጥ ሲመጣለት ያንኑ የጨመረውን መጠን ከተወጋ ስኳሩ በድንገት ይወድቃል። ሌላም ወጥመድ አለ። ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ወይም 100 ዩኒት ሆኖ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ መርፌ አለው። ለ40 በተሠራ መርፌ ከባለ 100ው ብልቃጥ የሚቀዳ ሰው ሳያውቅ ሁለት ተኩል እጥፍ ይወጋል። በሽሽት ላይ ያለ ሰው፣ ያገኘውን ብልቃጥና ያገኘውን መርፌ የሚጠቀም ሰው፣ ለዚህ ስሕተት የተጋለጠ ነው።

ሽሽት ደግሞ በዚህ ድንበር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ የድርቅ ዘመን በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሰፍረው ነበር፤ በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች እዚያው ሥፍራ ተመልሰው ሰፈሩ። በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ከፊሉም መተማ ገባ። በስደተኛ ሠፈር የምግብ ሰዓት በሕመምተኛው እጅ አይደለም። መርፌውን ተወግቶ ራሽን ሲጠብቅ ሊውል ይችላል። በጎንደርና በጅማ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት በገጠራችን ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ሕመምተኞች ወፍራም ባለጸጎች ሳይሆኑ ቀጫጭን ድኻ ገበሬዎች ናቸው፤ ስለዚህ መርፌው ከምግቡ ቀድሞ ሊደርስ የሚችለው በነርሱ ቤት ነው።

የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም። በአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ፣ ወይም መለኪያ በሌለበት ምልክቱ ሲታይ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። በሩብ ሰዓት ካልተሻለ ይደገማል፤ ከተሻለም እንጀራ ወይም ሌላ ምግብ ይበላል። ራሱን የሳተ ሰው ግን ወደ ሳንባው ገብቶ እንዳያንቀው በአፉ ምንም አይፈስበትም፤ በጎኑ አስተኝቶ የስኳር መርፌ ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ከባድ የጉልበት ሥራ፣ ፆምና አረቄ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ማጭድ ከማንሣቱ ወይም ረመዳንንና ሁዳዴን ከመጀመሩ በፊት የመርፌውን ልክ ከሐኪም ጋር ያልተነጋገረ ሕመምተኛ ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ባንቲንግ ከሽልማቱ በኋላ እንደ ኢንሱሊን ያለ ሌላ ግኝት አላገኘም። ዝናው ሸክም ሆኖበት ነበር፤ ዕረፍት የሚያገኘው ቀለምና ብሩሽ ይዞ ወደ ገጠር ሲወጣ ነው። በ1927 ከሠዓሊ ጓደኛው ጋር እስከ ሰሜን ዋልታ ባሕር ተጉዞ በረዶውን ሥሏል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ስለ በራሪዎች ጤና የሚደረገውን ምርምር ይመራ ጀመር። በፌብሩዋሪ 1941 በዚሁ ሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ የተሳፈረበት የጦር አውሮፕላን ከኒውፋውንድላንድ እንደ ተነሣ ሞተሩ ተበላሽቶ በበረዷማው ጫካ ወደቀ። ከአራቱ ሰዎች የተረፈው አብራሪው ብቻ ነው። ባንቲንግ ብርቱ ቁስል ቆስሎ በማግስቱ በ49 ዓመቱ አረፈ።

የተወለደበት ኖቬምበር 14 ከ1991 ጀምሮ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሆኖ ይታሰባል። በኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 5 ላይ ይውላል፤ በገዳሪፍና በመተማ ሜዳ የሰሊጡ ነዶ ደርቆ የሚራገፍበት ወቅት ነው።